ባዶ ዲስክ ስንመርጥ፣ የተቀዳበትን ስናስቀምጥ

ጥያቄ፦ ለዓምዱ አዘጋጅ። የቤተሰቤን ፎቶግራፎችና ለዓመታት ያጠራቀምኳቸውን የሥራ ሰነዶች ከኮምፒውተሬ ወደ ዲስክ ለመገልበጥ አስቤያለሁ። ሆኖም ከዚህ ቀደም ከቀዳኋቸው ሲዲዎች አንዳንዶቹ ዛሬ አልከፈት ብለውኛል፤ በዚያው ሰሞን የተቀዱ ሌሎች ግን ደህና ናቸው። ልዩነቱ ከምን የመጣ ነው? ባዶ ዲስክ ስገዛ ምን ላስተውል? ከቀዳሁ በኋላስ እንዴት ላስቀምጠው?

መልስ፦ ልዩነቱ የሚጀምረው ከዲስኩ ሥሪት ነው። ፋብሪካ አሳትሞ በሚሸጠው ሲዲ ላይ መረጃው ፕላስቲኩ ውስጥ በጥቃቅን ጉድጓዶች መልክ የተቀረጸ ሲሆን፣ እኛ የምንቀዳበት ሲዲ-አር ወይም ዲቪዲ-አር ግን ስስ የማቅለሚያ ንብርብር አለው፤ የመቅጃው ሌዘር በሙቀት ምልክት የሚያደርገውም በዚህ ማቅለሚያ ላይ ነው። ማቅለሚያ ደግሞ፣ ፀሐይ ላይ ከርሞ እንደሚደበዝዝ ጨርቅ ሁሉ፣ ብርሃንና ሙቀት ሲበዛበት ይለወጣል። ለሲዲ-አር በዋናነት ያገለገሉት ሦስት ዓይነት ማቅለሚያዎች ሲያኒን፣ አዞና ፍታሎሲያኒን ሲሆኑ፣ ሲያኒን ለብርሃን ቶሎ የሚሸነፍ፣ ፍታሎሲያኒን ደግሞ ይበልጥ የሚጸና ነው። ከማቅለሚያው በላይ ያለው አንጸባራቂ ብረት ብዙውን ጊዜ ብር ነው፤ ብር አየርና እርጥበት ከደረሰበት ይጠቁራል፣ ወርቅ ግን አይዝግም፤ ለረጅም ዘመን ማኖሪያ ተብለው የሚሠሩት አንዳንድ ዲስኮች ወርቅ የሚቀቡት ለዚህ ነው።

ሲገዙ በማሸጊያው ላይ ያለው ስም ብቻ እንዳያታልልዎ። ብዙ ስም ያላቸው ድርጅቶች ዲስኩን ከሌላ ፋብሪካ ስለሚያሠሩ፣ ተመሳሳይ ሽፋን ያላቸው ሁለት ጥቅሎች ከተለያዩ ፋብሪካዎች የወጡ ሊሆኑ ይችላሉ። በተመሳሳይ ሰሞን ከተቀዱት ዲስኮችዎ ከፊሎቹ መበላሸታቸው አንዱ ምክንያት ይህ ሊሆን ይችላል። እያንዳንዱ ባዶ ዲስክ የሠሪውን መለያ ኮድ የያዘ በመሆኑ ብዙ የመቅጃ ፕሮግራሞች ያሳዩታል፤ ስለዚህ አንድ ጥቅል ገዝተው መጀመሪያ ኮዱን ማየት፣ ከዚያም አንዱን ቀድቶ መሞከር፣ በብዛት ገዝቶ ከመጸጸት ይሻላል።

በመጠን በኩል ሲዲ 700 ሜጋባይት፣ ባለ አንድ ንብርብር ዲቪዲ 4.7 ጊጋባይት፣ ባለ ሁለት ንብርብሩ 8.5 ጊጋባይት፣ ከዲቪዲ በኋላ የመጣው ብሉ ሬይ የተባለው ዲስክ ደግሞ እንደ ንብርብሩ ብዛት 25፣ 50፣ 100 ወይም 128 ጊጋባይት ይይዛል። ለማይተካ ሰነድ እኔ የምመርጠው ባለ አንድ ንብርብሩን ነው፤ ንብርብር ሲጨመር የአጻጻፉ ሥራም ስህተቱም ይጨምራል። ደጋግሞ የሚጻፍበትን አርደብልዩ የተባለውን ዓይነት ለመጠባበቂያ ቅጂ አይግዙ፤ በስህተት ሊጠፋ የሚችል ከመሆኑም በላይ ለረጅም ጊዜ ማኖሪያነት የተመቸ አይደለም። ብሉ ሬይ ከመረጡ ኤልቲኤች የሚል ጽሑፍ ያለበትን ይለፉት፤ እርሱ እንደ ዲቪዲ በማቅለሚያ የሚሠራ ሲሆን፣ የተለመደው ብሉ ሬይ ግን ለብርሃን ይበልጥ የሚጸና ማዕድናዊ ቁስ ይጠቀማል። ኤም-ዲስክ የተባለውም እንዲሁ ነው፤ ሠሪዎቹ 1000 ዓመት ይቆያል ይላሉ፣ ቆይቶ የሚመሰክር ሰው ባይገኝም ከተራው ዲስክ እንደሚሻል ግን አልጠራጠርም።

አቀዳዱን በተመለከተ፣ ከፍተኛውን ፍጥነት ትተው መካከለኛውን ይምረጡ፤ እየቀዱ ሳሉም ኮምፒውተሩን በሌላ ከባድ ሥራ አያጨናንቁት። ዲስኩን ጠርዙ ድረስ አይሙሉት፤ ስህተት የሚበዛው በውጨኛው ክፍል ነውና። ቀረጻው ሲያበቃ ፕሮግራሙ የተጻፈውን ከዋናው ፋይል ጋር እንዲያመሳክር ያዙት፤ ከዚያም ዲስኩን በሌላ ማንበቢያ ከፍተው ይዩት። በቀዳው መሣሪያ ብቻ የሚነበብ ዲስክ ገና መጠባበቂያ አልሆነም፤ ያ መሣሪያ በተበላሸ ቀን ዲስኩም አብሮት ይጠፋል።

አያያዙ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው የትኛው ፊት እንደሚጎዳ ባለማወቁ ነው። ሁላችንም የምንጠነቀቀው ለሚያብረቀርቀው ፊት ነው፤ በሲዲ ላይ ግን ከዚያ በኩል 1.2 ሚሊሜትር የሚሆን ፕላስቲክ መረጃውን ይከላከልለታል፤ ጽሑፍ ከሚጻፍበት ፊት በታች ግን ብረቱን የሚሸፍነው ስስ ልባጥ ብቻ ነው። ከታች የተጫረ ሲዲ ብዙ ጊዜ ተወልውሎ ይነበባል፤ ከላይ ተጭሮ ብረቱ የተላጠ ግን መድኃኒት የለውም። ዲቪዲ መረጃው በሁለት የ0.6 ሚሊሜትር ፕላስቲኮች መካከል ስለሆነ በዚህ በኩል ይሻላል፣ ሆኖም ማጠፍ ማጣበቂያውን ሊያላቅቀው ይችላል። ስለዚህ በእስክሪብቶ አይጻፉበት፤ ለዲስክ ተብሎ በተሠራና አሟሚ ኬሚካል በሌለው ለስላሳ ማርከር፣ ቢቻል መካከለኛው ቀዳዳ ዙሪያ ባለው መረጃ አልባ ቀለበት ላይ ይጻፉ። ሲያጸዱም ከመሃል ወደ ጠርዝ በቀጥታ ይጥረጉ እንጂ ክብ እያዞሩ አይሹት፤ መረጃው የሚሄደው ክብ መስመር ተከትሎ በመሆኑ፣ በመስመሩ አቅጣጫ የተፈጠረ ጭረት ተከታታይ መረጃን ስለሚሸፍን የጎደለውን ለማቃናት ከመረጃው ጋር አብሮ የሚጻፈው የስህተት ማረሚያ ኮድ ሊጠግነው ያዳግተዋል።

ዲስኩን ጠንካራ መያዣ ውስጥ እንደ መጽሐፍ አቁመው፣ ከብርሃን፣ ከሙቀትና ከእርጥበት አርቀው ያስቀምጡ። የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2003 ባወጣው መመሪያ ለረጅም ጊዜ ማኖሪያ ከ4 እስከ 20 ዲግሪ ሴልሺየስ ሙቀትንና ከ20 እስከ 50 በመቶ የአየር እርጥበትን ይመክራል። ያልተቀዳበት ዲስክም ያረጃል፤ ስለዚህ ለሚያስፈልግዎ ያህል ይግዙ እንጂ አያከማቹ።

ጥያቄ፦ ፍላሽ እያለ ዲስክ ላይ መድከም ጊዜ ያለፈበት ነገር አይሆንም?

መልስ፦ በከፊል እውነትዎን ነው። ሶኒ ለመቅጃ የሚሆን ብሉ ሬይ ማምረቱን በየካቲት 2025 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አቁሟል፤ ዲስክ ማንበቢያ ያላቸው ኮምፒውተሮችም እያነሱ ሄደዋል። ስለዚህ በዩኤስቢ የሚሰካ ማንበቢያ አብረው ያኑሩ። ይሁንና አንዴ ብቻ የሚጻፍበትን ዲስክ ቫይረስ ሊደልዘው ወይም የተሳሳተ ጣት ሊያጠፋው አይችልም፤ ፍላሽ ደግሞ መረጃውን የሚይዘው ቀስ በቀስ በሚሸሽ የኤሌክትሪክ ሙል በመሆኑ ኃይል ሳያገኝ ለዓመታት መሳቢያ ውስጥ እንዲተኛ አይታመንም። እኔ ብሆን አንዱን ቅጂ በሃርድ ዲስክ፣ ሁለተኛውን በዲስክ አድርጌ፣ አንደኛውን በሌላ ቤት አስቀምጥ ነበር።

ጥያቄ፦ በአሮጌ ሲዲዎቼ ላይ የለጠፍኩትን ወረቀት ልላጠው?

መልስ፦ አይላጡት፤ ወረቀቱ ብረቱን ይዞት ሊነሳ ይችላል። ማጣበቂያው ከዓመታት በኋላ ስለሚጎዳና ዲስኩ ሲሽከረከር ሚዛኑን ስለሚያስት፣ ገና እየተነበበ ሳለ ያለውን ሁሉ በዚህ ሳምንት ወደ አዲስ ዲስክ ይገልብጡት።