በፍላስክ ለተጻፈ መመዝገቢያ አፓቼ ያስፈልጋል ወይ?

እኅቴ፣ የጠየቅሽው በፒያሳ ላለ ፔንሲዮን በፍላስክ (በፓይተን ቋንቋ የድረ-ገጽ መተግበሪያ መሥሪያ) የጻፍሽውን የአልጋ መመዝገቢያ፣ አፓቼ የሚባለውን የድረ-ገጽ ሰርቨር ሳትጭኚና የማዋቀሪያ ፋይል ሳትነካኪ፣ በአንድ መስመር ትዕዛዝ ማስነሳት ይቻል እንደሆነ ነው። ይቻላል። እኔም እዚሁ ጎንደር ለእንግዳ ማረፊያዎች የተከልኳቸው የሚነሡት እንዲሁ ነው። ለጥቂት ክፍሎችና ለአንድ የእንግዳ መቀበያ ጠረጴዛ አፓቼ ትርፍ ድካም ነው።

አስቀድሜ ግን አንድ ምክር ልቃወም። ለዚሁ ጥያቄሽ «የፓይተኑን ኤችቲቲፒ ሰርቨር አስነሺው» ብሎ የመለሰልሽ አለ። ያ ትዕዛዝ በማህደሩ ውስጥ ያሉትን ፋይሎች እንዳሉ ያድላል እንጂ የፍላስክ ኮድሽን አያስኬድም። ይባስ ብሎ፣ ካልገደብሽው በስተቀር ኮምፒውተሩ ባለው አድራሻ ሁሉ ያዳምጣል። የእንግዶች ስምና የመታወቂያ ቁጥር የያዘው የዳታቤዝ ፋይል በዚያው ማህደር ከተቀመጠ፣ ዋይፋዩን ያገኘ ሁሉ ያወርደዋል።

የፍላስክ የራሱ ማስነሻ ትዕዛዝ፣ «ፍላስክ ረን»፣ ደግሞ ለአንቺ ነው እንጂ ለፔንሲዮኑ አይደለም። ስትጽፊና ስትሞክሪ ግሩም ነው፤ በ127.0.0.1፣ በፖርት (የመግቢያ በር ቁጥር) 5000 ይነሣል፤ ከራስሽ ኮምፒውተር ውጪ ማንም አይደርስበትም። ብዙዎች በስልክ አልከፈት ሲላቸው አድራሻውን 0.0.0.0 (ማለትም ለኔትወርኩ ሁሉ ክፍት) አድርገው ዲበጉን፣ የስህተት መፈለጊያውን፣ እንደበራ ይተዉታል። የዲበጉ የስህተት ገጽ ግን በብራውዘር ውስጥ የፓይተን ኮድ ማስኬጃ አለው። የሚስጥር ቁጥር ቢጠይቅም እንግዳ በሚጠቀምበት ዋይፋይ ላይ አይተውም።

ለፔንሲዮኑ ዌይትረስ የሚባለውን የፓይተን ሰርቨር ጫኚ። ኮምፒውተሩ ዊንዶውስ ነው ብለሻል፤ ስለዚህ ሁሉም የሚያወድሰው ሌላው የፓይተን ሰርቨር፣ ጉኒኮርን፣ ዊንዶውስ ላይ ስለማይነሣ አይሆንሽም። ትዕዛዙ «ዌይትረስ ሰርቭ» ነው፤ ቀጥሎ የፋይሉ ስም፣ ኮለን (:)፣ ከዚያም በፋይሉ ውስጥ ለመተግበሪያው የሰጠሽው ስም ይገባል። ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። ፍላስክ «አፕ» የሚባል ፋይል ካገኘ ራሱ ይገምታል፤ ዌይትረስ ካልነገሩት አይገምትም። ፖርት ካልመረጥሽለት 8080 ይይዛል። ኮድሽን መለወጥ አይጠበቅብሽም፤ እ.ኤ.አ. በ2003 የተረቀቀው ደብሊውኤስጂአይ የሚባል ስምምነት የፓይተን ሰርቨርና መተግበሪያ እንዴት እንደሚነጋገሩ ወስኖታል። ሰርቨሩ የጥያቄውን ዝርዝር ያቀብላል፤ መተግበሪያው መልሱን ይሰጣል። ጀበናው ያው ነው፤ ከከሰል አንሥተሽ ኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ እንደ መጣድ ቁጠሪው።

የሚያስቸግረው ትዕዛዙ ሳይሆን ከትዕዛዙ በኋላ ያለው ነው። መብራት ሄዶ ሲመጣ ኮምፒውተሩ ይነሣል፤ በእጅ የጻፍሽው ትዕዛዝ ግን አይነሣም። መብራት ባይጠፋም እንግዳ ተቀባዩ «ይህ ጥቁር መስኮት ምንድን ነው?» ብሎ ይዘጋውና ማታ ስልክሽ ይጮኻል። እኔ ዘንድ በተደጋጋሚ ጮኋል። ስለዚህ ትዕዛዙን በዊንዶውስ ታስክ ስኬጁለር አስገቢና ማንም የይለፍ ቃል ሳያስገባ፣ ኮምፒውተሩ ሲነሣ አብሮ እንዲጀምር አድርጊው። በራውተሩ ላይም ለዚያ ኮምፒውተር ቋሚ አድራሻ ያዢለት፤ አለዚያ አንድ ቀን አድራሻው ይለወጥና በስልክ የሚከፍቱት ሁሉ «ሲስተሙ ጠፋ» ይላሉ።

የጥምቀት ሰሞን ከመድረሱ በፊት ትከይው። ከተማው በእንግዳ ሲሞላ ባለቤቱ ለሙከራ የሚሰጥሽ ጊዜ የለውም። ሌላ ቅርንጫፍ ከፍተው በኢንተርኔት እንየው ካሉ ያን ጊዜ ከዌይትረስ ፊት ኤንጂንኤክስ የሚባል ሌላ ሰርቨር ታቆሚያለሽ፤ የተመሰጠረውን ግንኙነት ዌይትረስ ራሱ አይዝምና።