ሽንኩርቱ ውሃ መሃል ቆሞ ለምን ይጠማዋል?

ከመቂ የጻፍክልኝ ወንድሜ፣ «ሽንኩርቴ ጫፉ እየተቃጠለ ነው፣ ዩሪያ ብጨምርም አልሰማ አለ፣ ድርቅ የሚችል ዘር ወጥቷል ሲሉ ሰማሁ የት ይገኛል» ነው ያልከው። መጨረሻ ላይ ግን ጣል አድርገህ ያለፍካት ነገር አለች፣ «ጠዋት ጠዋት መደቡ አመዳይ የወረደበት ይመስላል»። በመቂ ሙቀት አመዳይ ከየት መጥቶ? ጨው ነው እሱ። ትሪፕስ (ሽንኩርት ላይ የምትወጣዋ ትንሽ ተባይ) እንዳልል ትሪፕስ መሬት አያነጣም።

ጨው ሲበዛ አፈሩ እርጥብ ሆኖ እንኳን ሥሩ ውሃውን መሳብ ያቅተዋል፣ ለዛ ነው እያጠጣኸው ድርቅ የመታው የሚመስለው። እንደዚህ ለተጨነቀ ተክል ዩሪያ ምን ያደርግለታል?

ዘሩን በተመለከተ የሰማኸው ውሸት አይደለም፣ ላንተ ግን የሚያስፈልግህ ድርቅ ሳይሆን ጨው የሚችል ነው። አውስትራሊያ ውስጥ በ2012 እ.ኤ.አ. ከጥንት የስንዴ ዘመድ የመጣ ጂን ፓስታ ስንዴ ላይ አዳቅለው ጨዋማ መሬት ላይ እስከ 25 በመቶ ምርት ጨምሯል፣ ጂኑ ሶዲየሙን ቅጠል ሳይደርስ ሥር ላይ ያስቀረዋል። ግን ስንዴ ነው። ሽንኩርት ቅምጥል ነው፤ ገብስ የአፈሩ ጨው 8 ዴሲሲመንስ በሜትር (የጨው መጠን መለኪያ ነው) እስኪደርስ ሲችል ሽንኩርት ገና 1.2 ላይ ምርቱ መውረድ ይጀምራል።

ስለዚህ ዘር አትጠብቅ፣ ብር የማያስወጣህን ልንገርህ። ከሁለቱም ቦይ ውሃው ወደ መደቡ ይሰርግና አናቱ ላይ ተገናኝቶ ይተናል፣ ጨዉ እዛው ይቀራል። ችግኝህን የት ነው የተከልከው? አናቱ ላይ አይደል! ያልተዛወረ ሁለተኛ ችግኝ አለኝ ብለሃል፣ እሱን ስታዛውር አናቱን ባዶ ተወውና በሁለቱም በኩል ትከሻው ላይ ትከል፣ ውሃው ከሚደርስበት መስመር ትንሽ ከፍ አድርገህ። ከዛ በፊት ነጩን ቅርፊት በአካፋ ጠርገህ ከማሳው አውጣ፣ ቦይ ውስጥ ግን አትጣለው በናትህ፣ ተመልሶ ይሟሟል።

ሌላው፣ መቂም ዝዋይም ስሄድ ሁሌ የማየው፣ ነዳጅ ለመቆጠብ ተብሎ በየቀኑ አፈሩን እርጥብ እርጥብ ማድረግ ነው። ጨዉን እላይ የምታስቀሩት እናንተው ናችሁ! ቀን አራርቀህ ጠገብ አድርገህ አጠጣ፣ የማሳው ታች ጫፍ ላይ መውጫ ቦይ ክፈትለት። የከርሰ ምድሩ ውሃ ቅርብ ከሆነ ግን አታጥለቅልቅ፣ ከፍ ብሎ ጨዉን ይዞ ይመጣል፤ አፋር ውስጥ አሚባራ ላይ ስንት የጥጥ መሬት እንደዛ ሆኖ ቀርቷል።

የምታጠጣው ከጉድጓድ ይሁን ከሐይቁ አልነገርከኝም። ውሃውን በሃይላንድ ሞልተህ ወረዳ ወይ ምርምር ማዕከል ውሰድና ጨዉን አስለካ፣ ቁጥሩን ላክልኝ።