ከሌሊቱ 8 ሰዓት የሚነሳ ባክአፕ፦ ጥያቄና መልስ

ጅማ ውስጥ የቢሮ ኮምፒውተሮችን አስተዳድራለሁ። የቡና ነጋዴዎች፣ ፎቶ ቤቶችና ክሊኒኮች በብዛት ደንበኞቼ ናቸው። ፎልደርን በራሱ ሰዓት እየጠበቀ ስለሚቀዳ ባክአፕ ጥያቄ ያላችሁ አምጡ ብዬ ነበር፤ የመጡትን እነሆ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ የቡና ነጋዴ ቢሮ ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ማታ ማታ ፎልደሩን ወደ ኤክስተርናል ዲስክ ኮፒ አደርጋለሁ፤ አዲሱ በአሮጌው ላይ ይተካል። አይበቃም?

መልስ፦ አይበቃም ወንድሜ። ኮምፒውተሩ ቢሰረቅ ወይም ዲስኩ ቢሞት ያድንሃል። ዛሬ በስህተት ያጠፋኸው መዝገብ ግን ማታ ትናንት ደህና በነበረው ላይ ይደረባል። ስናፕሾት ከዚህ ይለያል፦ ፎልደሩ በዚያ ቀን የነበረበት ሁኔታ ቀኑ ተጽፎበት ለብቻው ይቀመጣል፤ የነገው አይነካውም።

ጥያቄ፦ ፎልደሬ 40 ጊጋ ነው። በየቀኑ ከተቀመጠ ዲስኩ በሳምንት አይሞላም?

መልስ፦ አይሞላም። ሊኑክስ (እንደ ዊንዶውስ ያለ ሌላ የኮምፒውተር ሲስተም) ላይ አርሲንክ የሚባለው የመቅጃ ፕሮግራም «ሊንክ ዴስት» የሚል አማራጭ አለው። ያልተቀየረውን ፋይል እንደገና አይቀዳም፤ በሃርድ ሊንክ፣ ማለትም ለዚያው ፋይል ሌላ ስም በመስጠት፣ ከትናንቱ ጋር ያገናኘዋል። የሰባቱን ቀን ፎልደር ብትከፍት ሰባቱም ሙሉ ናቸው። በቀን የሚቀየረው 300 ሜጋ ከሆነ ግን ሰባቱ አንድ ላይ የሚይዙት ወደ 42 ጊጋ ነው እንጂ 280 አይደለም። አንድ ነገር ልብ በል፦ ብዙ ኤክስተርናል ዲስክ ከሱቅ ሲመጣ በኤክስፋት የተፎረመተ ነው፤ ኤክስፋት ደግሞ ሃርድ ሊንክ አያውቅም። መጀመሪያ ወደ ኤክስት 4፣ ወደ ሊኑክሱ አፎራረመት፣ ቀይረው።

ጥያቄ፦ ፎቶ ቤት አለኝ። የስንት ቀን ላስቀምጥ? ሰው ሁሉ የተለያየ ነገር ይለኛል።

መልስ፦ እህቴ፣ ከቁጥሩ በፊት ራስሽን አንድ ነገር ጠይቂ፦ ፋይሉ ቢበላሽ በስንት ጊዜ ታውቂያለሽ? ፎቶ ቤት ከሆነ ቶሎ ነው። ሙሽሮቹ አልበማቸውን ሊወስዱ ሲመጡ ጉዱ ይወጣል። የቡና ቢሮ ግን ሌላ ነው። በኅዳር ግዢው ሲጧጧፍ አንድ ሰው ከኤክሴል ላይ ሦስት መስመር ያጠፋል። ማንም ያንን ገጽ አይከፍትም፤ ሰኔ ላይ ሒሳብ ሲዘጋ ገንዘቡ አልገጥም ይላል። የሰባት ቀን ስናፕሾት ለዚያ ሰው ምን ያደርግለታል?

እኔ ለአብዛኛው ቢሮ የማዘጋጀው 7 የቀን፣ 4 የሳምንት፣ 12 የወር ነው። ቢበዛ 23 ስናፕሾት ቢሆን ነው። የቅርቡ ጊዜ ጥቅጥቅ ይላል፤ የሩቁ እየሳሳ ይሄዳል። ላንቺ 14 የቀን እና 6 የወር ይበቃል ብዬ አምናለሁ። ዲስክ ሲጠብብሽ የቀኑን ቀንሺ፤ የወሩን አትንኪ።

ጥያቄ፦ ክሮን (ሊኑክስ ላይ ሥራን በሰዓቱ የሚያስነሳው ፕሮግራም) ላይ 8 ብዬ ጽፌ ባክአፑ በሌሊት አልነሳም አለኝ።

መልስ፦ ተነስቷል፤ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ። ክሮን የሚቆጥረው ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ነው። የኛ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ለእሱ 2 ነው። እኔም ይህን ስህተት ሠርቻለሁ። አንድ መጋዘን ቢሮ ባክአፑን አዘጋጅቼ ሄድኩ። ከወር በኋላ ሪፖርቱን ስከፍት በየቀኑ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ይጀምራል፤ ልክ ሠራተኛ ገብቶ ፋይል ሲከፍት። ግማሹ ፋይል እየተጻፈበት ነው የተቀዳው። ከዚያ ወዲህ ከእያንዳንዱ የክሮን መስመር በላይ ሰዓቱን በኛ አቆጣጠር እጽፋለሁ።

ጥያቄ፦ በዚያ ሰዓት መብራት ከሌለስ?

መልስ፦ ክሮን ያለፈውን ተመልሶ አይሠራም። አናክሮን የሚባለው የክሮን ዘመድ፣ ወይም በሲስተምዲ ታይመር (ሌላው የሊኑክስ ሰዓት ጠባቂ) ላይ «ፐርሲስተንት» የሚለውን ማብራት ኮምፒውተሩ ሲነሳ ያመለጠውን ያሠራል። ቅጂው መሃል ላይ መብራት ከሄደ ግን ሌላ ጣጣ አለ፦ ግማሽ ስናፕሾት ሙሉ መስሎ ይቀመጣል። ስለዚህ ስክሪፕቱ (የባክአፑ ትእዛዞች የተጻፉበት ፋይል) በጊዜያዊ ስም ይቅዳ፤ ያለ ስህተት ሲጨርስ ብቻ ቀኑን ስም አድርጎ ይስጠው። አሮጌውን ማጥፋትም ከዚያ በኋላ ይምጣ እንጂ በፊት አይሁን።

ጥያቄ፦ እኔ ከ30 ቀን በላይ የሆነውን ሁሉ የሚያጠፋ መስመር አለኝ። ችግር አለው?

መልስ፦ አለው፤ በጣም። ባክአፑ ሳታውቅ ቢቆም ያ መስመር ሥራውን ይቀጥላል። በየቀኑ አንድ እያጠፋ በ30ኛው ቀን ባዶ ያስቀርሃል። በዕድሜ ሳይሆን በቁጥር አጥፋ። ሬስቲክ የሚባለው የባክአፕ ፕሮግራም «ኪፕ ዴይሊ 7» (የሰባት ቀን አስቀር) ስትለው ስናፕሾት ያለባቸውን የመጨረሻ ሰባት ቀናት ነው የሚቆጥረው፤ ባዶ ቀን አይቆጠርም። ስናፕሾቱን ከዝርዝር የሚያወጣው «ፎርጌት» ብቻውን ቦታ እንደማያስለቅቅ፣ ዳታውን የሚያጠፋው «ፕሩን» እንደሚያስፈልግም እወቅ። መጀመሪያ በ«ድራይ ረን»፣ ማለትም ምንም ሳያጠፋ በሙከራ፣ ምን ሊያጠፋ እንደሆነ እይ።

ጥያቄ፦ የበጀት ዓመት መዝጊያችን ሰኔ 30 ነው። የሬስቲክ «ኪፕ ይርሊ» (በየዓመቱ አንድ አስቀር የሚለው) ያንን ይይዝልኛል?

መልስ፦ አይዝልሽም። ፕሮግራሙ የሚያውቀው የፈረንጁን ዓመት ነው። የሚያስቀረው የዓመቱን የመጨረሻ ስናፕሾት፣ ማለትም ታኅሣሥ 22 አካባቢ ያለውን ነው። ወሩም እንዲሁ፦ የጁላይ የመጨረሻው ሐምሌ 24 ላይ ይውላል። ሰኔ 30 ማታ፣ በነሱ ጁላይ 7፣ ለብቻው አንድ ስናፕሾት ውሰጂና «መዝጊያ» የሚል ታግ (መለያ ምልክት) ስጪው። ከዚያ «ኪፕ ታግ» ብለሽ ማጥፊያው እንዳይነካው አድርጊ።

ጥያቄ፦ የሒሳብ ፕሮግራሙን ፒችትሪንስ እንዴት ልቅዳ?

መልስ፦ ሰው ሁሉ ከፒችትሪ ይውጣ፣ ከዚያ የካምፓኒው ፎልደር በሙሉ ይቀዳ። ክፍት ሆኖ የተቀዳ ላይከፈት ይችላል።

ጥያቄ፦ ኤክስተርናሉ ተነቅሎ ሳለ ሰርቨሩ ሞላብኝ። ምን አገናኘው?

መልስ፦ ዲስኩ ሲነቀል የሚሰካበት ፎልደር ባዶ ሆኖ ይቀራል። ስክሪፕቱ ይህን አያውቅም፤ ሁሉንም እዚያው የሰርቨሩ ዲስክ ላይ ይቀዳዋል። ኤክስተርናሉ ላይ አንድ ምልክት ፋይል አስቀምጥ። ስክሪፕቱ ያንን ፋይል ካላገኘ ምንም ሳይነካ ይቁም፤ መልእክትም ይላክልህ።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ እኔ ዊንዶውስ ነው ያለኝ። ይህ ሁሉ አይገባኝም።

መልስ፦ ጋሼ፣ ለእርስዎ ዊንዶውስ ውስጥ ያለው ፋይል ሂስትሪ ይበቃል። በራሱ በየሰዓቱ ያስቀምጣል። ሁለት ኤክስተርናል ይግዙና በየሳምንቱ ያፈራርቋቸው፤ አንዱ ሁልጊዜ ቤት ይደር። ፋይል የሚቆልፈው ቫይረስ ሲገባ የተሰካውን ዲስክ አብሮ ይቆልፋል፤ ቤት ያደረውን ግን አያገኘውም።

ጥያቄ፦ እንደሚሠራ በምን አውቃለሁ?

መልስ፦ በወር አንድ ቀን አንድ ፎልደር ከሦስት ወር በፊት ካለው ስናፕሾት አውጣና ወደ ሌላ ኮምፒውተር መልስ። ኤክሴሉን ክፈት፣ ፎቶውን ክፈት። ሬስቲክ ከሆነ የይለፍ ቃሉን ከወረቀት ላይ አንብበህ ሞክር፤ ያ ቃል ከጠፋ ፋይሉን የሚከፍትልህ የለም። ወረቀቱም ከሰርቨሩ ጋር አንድ ክፍል አይቀመጥ።