ማውዜ አንዴ ስጫነው ሁለቴ ይሰማዋል

ባለፈው እትም "በኪቦርድና በማውዝ ምን ያናድዳችኋል?" ብዬ ጠይቄ ነበር። የመጣውን ደብዳቤ ሳየው ደነገጥኩ። ሰው ስለ አማቱ እንኳን እንዲህ አምርሮ አይጽፍም! ሁሉንም ማስተናገድ ስለማልችል የተደጋገሙትን መርጫለሁ። አብዛኞቻችሁ የምትሉት "ምን ልግዛ?" ነው። እኔ ግን "ምኑ ነው ያስቸገራችሁ?" ብዬ መነሳት ይሻለኛል፤ ከጻፋችሁልኝ ውስጥ ብዙው ምንም ሳይገዛ የሚስተካከል ነውና።

ጥያቄ፦ ማውዜ ሁለት ዓመት በደንብ አገልግሎኛል። አሁን ግን አንዴ ክሊክ ሳደርግ ሁለቴ እንዳደረግኩ ይቆጥረዋል። ፋይል ልመርጥ ስል ይከፈታል። ጎትቼ ሌላ ቦታ ላስቀምጥ ስል መንገድ ላይ ይጥለዋል። ቫይረስ ይሆን? ኮምፒውተሩን ፎርማት ላስደርገው ነው። (የተሰላቸሁ)

መልስ፦ ኧረ ፎርማቱን ተወው! ማውዙን ነቅለህ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰካውና ሞክረው። እዚያም ሁለቴ ካለ ጥፋቱ የማውዙ ነው፤ አለቀ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከግራው ቁልፍ ስር ማይክሮስዊች የሚባል ትንሽ ሳጥን አለ። ውስጡ ስስ የብረት ቅጠል አለ። ስትጫነው ቅጠሉ ጎንበስ ብሎ ሌላ ብረት ይነካል፤ ያ "ቀጭ" የሚለው ድምፅ ከዚያ ነው የሚመጣው። ብረት ብረትን ሲነካ ደግሞ አንዴ ነክቶ አይረጋም፣ ለጥቂት ሚሊሰከንድ ይነጥራል። ማውዙ ይህን ስለሚያውቅ ከመጀመሪያው ንክኪ በኋላ ትንሽ ታግሶ የነጠረውን ሳይቆጥር ያልፈዋል። ቅጠሉ ሲዝልና መነካኪያው ሲቆሽሽ ግን ንጥረቱ ከትዕግስቱ ይረዝማል። ያኔ አንዱ ንክኪ ሁለት ይሆናል። ጎትተህ ስትሄድ የሚጥልብህም ለዚያው ነው፤ አንተ ሳትለቅ ብረቱ ለቅጽበት ይለቃል።

ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ የደብል ክሊክ ፍጥነትን ማስተካከል ብዙዎች የሚመክሩት ነገር ነው። አያድንም። እሱ የሚወስነው ሁለት ክሊኮች ምን ያህል ከተቀራረቡ እንደ ድርብ ይቆጠሩ የሚለውን ብቻ ነው። ችግሩን ትንሽ ይሸፍነው ይሆናል እንጂ መጣሉን አያቆምም። ለጊዜው የግራና የቀኝ ቁልፎችን ሥራ በሴቲንግ አቀያይር፤ የቀኙ ብዙ ስላልተጫነ ገና ጤነኛ ነው። ብየዳ የሚችል ሰው ካለህ ማይክሮስዊቹን ብቻ ይቀይርልህ። አዲስ ልግዛ ካልክ ደግሞ ኦፕቲካል ስዊች ያለውን ፈልግ። (ከሆዱ ስር ያለውን መብራት ማለቴ አይደለም፤ ቁልፉ ራሱ በብርሃን የሚሠራውን ነው።) ብረት ብረትን ካልነካ የሚነጥር ነገር የለም።

ይህን ሁሉ እንዴት አወቅክ ካልከኝ፣ እኔ ራሴ አንዴ በዚሁ ምክንያት ኮምፒውተሬን ፎርማት አድርጌያለሁ። ጨርሼ ስከፍተው የመጀመሪያዋ ክሊክ ሁለት ሆና ተቀበለችኝ።

ጥያቄ፦ ሜካኒካል ኪቦርድ ልገዛ ነው። ቀይ፣ ቡናማ፣ ሰማያዊ ይሉኛል፤ ግራ ገባኝ። ቢሮ ጎኔ የምትቀመጠው ልጅ ደግሞ ድምፅ አትወድም። (ባለ ፈጣን ጣቷ)

መልስ፦ መጀመሪያ ልዩነቱ ይግባሽ። ተራ ኪቦርድ ከእያንዳንዱ ቁልፍ ስር የላስቲክ ጉልላት አለው። ጉልላቱ ተጨፍልቆ ታች ሲደርስ ነው ፊደሉ የሚጻፈው። ስለዚህ ጣትሽ ሁሌም መሬት ይመታል፤ ማታ ላይ የሚሰማሽ ድካም አንዱ ምንጩ ይሄ ነው። ሜካኒካሉ ግን ለእያንዳንዱ ቁልፍ የራሱ ስፕሪንግና ስዊች አለው። ታዋቂው ቼሪ ኤምኤክስ የሚባለው ስዊች በጠቅላላው 4 ሚሊሜትር ይወርዳል፣ ፊደሉ ግን 2 ሚሊሜትር አካባቢ ላይ ይመዘገባል። የለመደ ጣት ታች ሳይደርስ ይመለሳል።

ቀለሞቹ የስዊቾቹ ዓይነት መለያ ናቸው። ቀዩ ለስላሳ ነው፤ ወደ 45 ግራም ገፋ ስታደርጊው ያለ ምንም እንቅፋት ይወርዳል። ሰማያዊው መሃል ላይ ጉብታ አለው፣ በዚያ ላይ ሆን ተብሎ "ቀጭ" እንዲል ነው የተሠራው። ቡናማው ጉብታ አለው፣ ቀጭታ የለውም። እኔን ከጠየቅሽኝ ቡናማው ሰማያዊ መሆን አምሮት ያፈረ ቀይ ነው፤ ጉብታው አለ ሲሉኝ ነው የማውቀው። ይህን በማለቴ የሚቆጡ አንባቢዎች እንዳሉ አውቃለሁ፤ ይቆጡ።

ሰማያዊውን ቢሮ ይዘሽ እንዳትሄጂ ግን። እለምንሻለሁ። የሚጽፈው ሰው ደስ ይለዋል፣ ጎኑ ያለው ያብዳል። ለቢሮ ከሆነ ቀይ፣ ወይም ውስጡ ድምፅ እንዲያፍን ተደርጎ የተሠራ ስዊች ያዢ።

ስለ መጠኑም ላንሳ፤ ከቀለሙ ይልቅ ይሄ ነው ኑሮ የሚቀይረው። ሙሉው ኪቦርድ 104 ቁልፍ አለው። በቀኝ በኩል ያለው የቁጥር ክፍል የሌለው አጠር ያለው 87 ነው። የቁጥር ክፍሉ ሲቀር ማውዙ ወደ መሃል ይጠጋል፣ ክንድሽ በቀን መቶ ጊዜ ወደ ውጭ መዘርጋቷ ይቀራል። ቀኑን ሙሉ ሂሳብ የምትሠሪ ከሆነ አይሆንሽም። ካልሆነ ግን ያ የቁጥር ክፍል ቦታ ከመያዝ ሌላ ምን ሠርቶልሻል?

ደግሞ የላፕቶፕ ዝርግ ቁልፍ የሚመችሽ ከሆነ ሜካኒካል የመግዛት ግዴታ የለብሽም። ብዙ ሰው ዝርጉን እየወደደ ለመናገር ያፍራል። በተረፈ ሳትሞክሪው አትግዢ፤ መብራቱን ብለሽም አትግዢ።

ጥያቄ፦ መሃል ገብቼ አንድ ቃል ስጨምር ከፊት ያለውን ፊደል እየበላ ይሄዳል።

መልስ፦ ባክስፔስ ስትፈልግ ኢንሰርትን ነክተሃል። መልሰህ አንዴ ተጫነው።

ጥያቄ፦ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ትዝታዬን በላፕቶፕ መጻፍ ጀምሬያለሁ። ነገር ግን እየጻፍኩ ሳለሁ ጠቋሚው በድንገት ሌላ አንቀጽ ውስጥ ዘሎ ይገባል፤ እኔም ሳላይ እዚያ መሃል እጽፋለሁ። ልጆቼ "አንተ ነካክተኸው ነው" ይሉኛል። እውነት የእኔ ጥፋት ነው?

መልስ፦ አባቴ፣ የእርስዎ ጥፋት አይደለም። ልጆችዎ በከፊል ልክ ናቸው፤ የነካው እጅዎ ነው፣ ግን ሳያስቡት የአውራ ጣትዎ ሥር ታችፓዱን ዳሶት ነው። ታችፓድ ግፊት አይለካም። የሰው አካል ኤሌክትሪክ ማስተላለፉን ተጠቅሞ ነው ጣት መኖሩን የሚያውቀው፤ ስለዚህ ትንሽ ዳሰሳ ይበቃዋል። ላብ ወይም ውሃ ያለበት እጅም ያወዛግበዋል።

ሴቲንግ ውስጥ ታችፓድ የሚለውን ይክፈቱና "ታፕ" የሚለውን፣ ማለትም በመንካት ብቻ ክሊክ የሚያደርገውን ያጥፉት። ከዚያ በኋላ ክሊክ ለማድረግ ጫን ማለት ያስፈልጋል፤ ዝላዩም ይቆማል። እኔ አዲስ ላፕቶፕ ሲገባልኝ መጀመሪያ የማጠፋው እሱን ነው። ጠቋሚው የሚንቀጠቀጠው ቻርጀር ሲሰኩ ብቻ ከሆነ ደግሞ ቻርጀሩን ይጠርጥሩ። ከመሬት ጋር ያልተገናኘ (ኤርዝ የሌለው) የኤሌክትሪክ መስመር ታችፓድን ይረብሻል።

አንዳንድ ላፕቶፖች ላይ በኪቦርዱ መሃል ያለችውን ቀይ ነጥብ አይተው ያውቃሉ? አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1992 ቲንክፓድ ላይ ያመጣት ናት፤ ፈልሳፊው ቴድ ሴልከር ይባላል። ነጥቧ ራሷ አትሄድም፣ ጣት ወደየት እንደሚገፋት ብቻ ነው የምትለካው። እጅዎ ከፊደላቱ ሳይነሳ ጠቋሚውን ያንቀሳቅሳሉ። የመጀመሪያው ሳምንት ያበሳጫል፤ አልዋሽዎትም። አንዳንዴ ጠቋሚው ማንም ሳይነካው ቀስ እያለ መንሸራተት ይጀምራል። ያኔ አይታገሉት፤ ጣትዎን አንስተው ጥቂት ሰከንድ ይጠብቁ፣ ራሷን ታስተካክላለች።

ጥያቄ፦ ገመድ አልባው ማውዜ ደህና ይሠራ ነበር። ሃርድ ዲስክ ስሰካ ግን መንቀራፈፍ፣ መዝለል ይጀምራል። ባትሪ ቀይሬያለሁ። (ትዕግስት ያለቀበት)

መልስ፦ ባትሪው ምንም አላደረገህም። የማውዝህ ሪሲቨር (ኮምፒውተሩ ላይ የምትሰካት ትንሿ መቀበያ) በ2.4 ጊጋኸርዝ የሬዲዮ ሞገድ ነው የሚያወራው። ዩኤስቢ 3 ደግሞ ዳታ ሲያስተላልፍ በዚያው አካባቢ የሬዲዮ ረብሻ ይለቃል። ሪሲቨሩን ከሃርድ ዲስኩ አጠገብ ሰክተኸው ከሆነ የገበያ ሁካታ መሃል ሆኖ የሹክሹክታ ወሬ እንደመስማት ነው። በአጭር የዩኤስቢ ማራዘሚያ ገመድ አውጥተህ ማውዙ ጋ አስጠጋው፣ ወይም በሌላኛው ጎን ሰካው። አንድ ክንድ ያህል እንኳ መራቁ ለውጥ አለው።

ጥያቄ፦ በአማርኛ ብዙ እጽፋለሁ። ማታ ማታ ትንሿ ጣቴን ያመኛል። የኪቦርዱን የፊደላት አቀማመጥ ወደ ድቮራክ ልቀይር? (ጸሐፊዋ)

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው። ጣትሽን ያመመሽ ሺፍት ይመስለኛል። አማርኛውን በእንግሊዝኛ ፊደላት ድምፅ በሚያስጽፉት ዘዴዎች አብዛኛው ፊደል ሁለት ምት ይፈልጋል፤ "ሰላም" የምትለዋን ሦስት ፊደል ለመጻፍ አምስት ጊዜ ትመቺያለሽ። ጠ፣ ጨ፣ ኘ ሲመጡ ደግሞ በአብዛኛው ሺፍት ይጨመራል። አንድ ገጽ ላይ ስንት "ጠ" እንዳለ ቁጠሪ እስቲ። እና ያን ሁሉ የምትሸከመው ደካማዋ ጣት ናት።

ሁለቱንም ሺፍት ተጠቀሚ፦ ፊደሉ በግራ እጅ ከሆነ የቀኙን ሺፍት፣ በቀኝ ከሆነ የግራውን። ብዙዎቻችን የግራውን ብቻ ነው የምናውቀው። ሌላው ስቲኪ ኪስ የሚባለው ነው። ዊንዶውስ ላይ ሺፍትን አምስት ጊዜ በተከታታይ ስትጫኚ ብቅ እያለ የሚያናድድሽ መስኮት የእሱ ነው። አንዴ ካበራሽው ሺፍትን ነክተሽ ትለቂያለሽ፣ ቀጥሎ የምትመቺው ፊደል በሺፍት ይጻፋል። አንድ ላይ መያዝ ቀረ ማለት ነው።

ወደ ድቮራክ ስመጣ፣ አውገስት ድቮራክ እ.ኤ.አ. በ1936 የፈጠራ መብት ያወጣበት አቀማመጥ ነው፤ ያሰበውም ለእንግሊዝኛ ነው። የሚገርመው ግን ለእኛም አመል ይስማማል። አምስቱን አናባቢዎች ከግራ እጅ ጣቶች ስር ነው የደረደራቸው፣ አብዛኞቹ ተነባቢዎች በቀኝ ናቸው። እኛ ደግሞ ተነባቢ፣ አናባቢ፣ ተነባቢ፣ አናባቢ እያልን ስለምንጽፍ ሁለቱ እጆች ይፈራረቃሉ። በሐሳብ ደረጃ ያምራል። በተግባር ግን ሳምንታት የሚፈጅ መንተባተብ አለው፣ የምትጠቀሚበት የአማርኛ ሶፍትዌር ከአቀማመጡ ጋር ላይስማማ ይችላል፣ ሌላ ሰው ኮምፒውተር ላይ ስትቀመጪ ደግሞ መሃይም ትሆኛለሽ። ለጣትሽ ሲባል ሺፍቱን አስተካክዪ፣ ድቮራኩን ተዪው።

ጥያቄ፦ የቀኝ እጄን አንጓ ማውዝ ስይዝ ያመኛል። ቀጥ ብሎ የሚቆመው ማውዝ እውነት ይሠራል?

መልስ፦ ለብዙ ሰው ይረዳል፤ መዳፍህ ወደ መሬት ከመደፋት ይልቅ ሰው እንደምትጨብጥ ሆኖ ይቆማልና ክንድህ አይጠማዘዝም። ከመግዛትህ በፊት ግን የኪቦርዱን የኋላ እግሮች እጠፋቸው። ብዙ ሰው እንዲመች ብሎ ያቆማቸዋል፣ የሚያደርጉት ግን እጅን ወደ ላይ ማጠፍ ነው። ሌላው ባለ ኳሱ ነው፣ ትራክቦል የሚሉት፤ እሱ ባለበት ተቀምጦ ጣትህ ብቻ ኳሱን ያሽከረክራል። ኳሱን ቶሎ ቶሎ አውጥተህ ከስሩ ያለውን እድፍ ካላጸዳህ ግን መሽከርከር ያቆማል። ጣት መደንዘዝ ወይም ሌሊት የሚቀሰቅስ ሕመም ካለ ወደ ሐኪም ሂድ፤ ይህ አምድ አይበቃህም።

እኔ አንጓዬን ሲያመኝ ማውዙን ወደ ግራ እጅ አዛወርኩት። ሁለት ሳምንት ያህል እንደ ሰከረ ሰው ነበር የምጠቁመው። አሁን ቀኙ ይጽፋል፣ ግራው ይጠቁማል።

ጥያቄ፦ አንተ ራስህ ምን ትጠቀማለህ? ሌላውን ብቻ አትምከር።

መልስ፦ እሺ ተያዝኩ። ባለ 87 ቁልፍ፣ ቀይ ስዊች፣ እግሩ የታጠፈ። መብራት አለው፣ አጥፍቼዋለሁ። ካፕስ ሎኩን ወደ ባክስፔስ ቀይሬዋለሁ፤ በትልልቅ ፊደል የምጮህበት ነገር ስለሌለኝ፣ ስህተት ግን በየደቂቃው ስለምሠራ። ስፔስ ባሩ በቀኝ ጎኑ ሲመቱት ሲጥ ይላል። ጠብታ ዘይት ነበር የሚያስፈልገው፤ ይኸው ሁለተኛ ዓመቱን ያዘ።