በራዲዮ የቤዝቦል ጨዋታ ለማስተላለፍ ለምታስቡ ወጣቶች

ቤዝቦልን ወድዳችሁ፣ ጨዋታውን በራዲዮ ማስተላለፍ እንጀራችሁ እንዲሆን የምትመኙ፣ እዚህ አሜሪካ ያደጋችሁ ልጆቻችን ምክር ጠይቃችሁኛል። እኔ በሥራ ዘመኔ በራዲዮ ሳስተላልፍ የኖርኩት እግር ኳስን ነው፤ ቤዝቦልን የተማርኩት ሎስ አንጀለስ ከመጣሁ በኋላ፣ ከዓይኔ ይልቅ በጆሮዬ ነው። ሁለቱ ሥራዎች ከሩቅ ሲያዩአቸው አንድ ይመስላሉ። በእግር ኳስ ግን ኳሷ ስለማታርፍ አስተላላፊው እግር በእግር ይከተላታል እንጂ ምን ልበል ብሎ አይጨነቅም፤ በቤዝቦል ወርዋሪው ኳሷን ይዞ ይቆማል፣ መቺው ዱላውን ያስተካክላል፣ ከመቺው ኋላ ያለው ያዥ ለወርዋሪው ምልክት ይሰጣል፣ ከጨዋታውም ሰዓት አብዛኛው በዚህ ያልፋል። ሙያው ያለው ባዶ በሚመስለው በዚህ ጊዜ ውስጥ ነው።

ለዚህ ከቪን ስከሊ የተሻለ መምህር አላውቅም። ስከሊ የዶጀርስን ጨዋታዎች በ1950 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ቡድኑ ገና ብሩክሊን ሳለ ማስተላለፍ ጀምሮ እስከ 2016 ድረስ ለ67 የውድድር ዘመናት ከሥራው አልተነሣም። ያሠለጠነው ነባሩ የቡድኑ አስተላላፊ ሬድ ባርበር ነበር። ባርበር ከማይክሮፎኑ አጠገብ የሦስት ደቂቃ የአሸዋ ሰዓት ያስቀምጥ ነበር ይባላል፤ አሸዋው ሲያልቅ ውጤቱን ይናገርና ሰዓቱን ይገለብጠዋል። ራዲዮኑን አሁን የከፈተ አድማጭ ከሁሉ አስቀድሞ የሚፈልገው ውጤቱን ነውና ይህን ልማድ ዛሬውኑ ብትይዙት አትጸጸቱም። ባርበር ለስከሊ የሰጠው ሌላው ምክር ሌሎች አስተላላፊዎችን እየሰማ እነሱን እንዳይመስል ነበር። በ1949 ወደ ቦስተን ፌንዌይ ፓርክ የአሜሪካ ፉትቦል እንዲያስተላልፍ በላከው ጊዜም ወጣቱ ያለ ካፖርት ጣሪያ ላይ ቆሞ በብርድ እየተንቀጠቀጠ ጨዋታውን ፈጸመ፤ አድማጩ ግን ስለ ብርዱ አንዲት ቃል አልሰማም። ባርበር ነገሩን ቆይቶ ሲሰማ ወጣቱን ይበልጥ አከበረው፤ እኔም አስተላላፊ ስለ ራሱ ድካም ሲያወራ በሰማሁ ቁጥር ይህ ታሪክ ትዝ ይለኛል።

የምመክራችሁ ቅጂ ሴፕቴምበር 9 ቀን 1965 የተላለፈው ነው። በዚያ ምሽት የዶጀርሱ ወርዋሪ ሳንዲ ኮፋክስ ከቺካጎ ከብስ 27 መቺዎች አንዱንም ቤዝ (መቺው ኳሷን መትቶ የሚሮጥበት ማረፊያ) ሳያስረግጥ ጨዋታውን ፈጸመ። ስከሊ በመጨረሻው ኢኒንግ፣ ማለትም በጨዋታው የመጨረሻ ዙር፣ የሚለውን በጥንቃቄ አድምጡ። ኮፋክስ ኮፍያውን አንሥቶ ፀጉሩን በጣቶቹ ሲዳስስ ይነግራችኋል፤ በየመሃሉ ሰዓቱን ይጠራል፣ የመጨረሻው መቺ ሳይሳካለት ከጨዋታ ሲወጣም በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 3 ሰዓት ከ46 ደቂቃ ነበር። ከዚያ በኋላ ለ38 ሰከንድ ዝም ብሎ ሕዝቡ ሲጮህ አሰማ። ስከሊ በልጅነቱ ከቤታቸው ትልቅ ራዲዮ ሥር ተኝቶ የተመልካቹ ጩኸት ሲወርድበት ይደሰት እንደነበር ደጋግሞ ተናግሯል፤ ዝምታው ከዚያ የመጣ ይመስለኛል። ሥራ የጀመረ ሰው ዝም ካለ የተባረረ ይመስለዋል፤ ይህን ፍርሃት ካልተዋችሁት ብዙ ርቀት አትሄዱም።

ከእናንተ ሕይወት ጋር የሚቀራረበው ግን ዶጀርስን በስፓኒሽ ያስተላልፍ የነበረው የሃይሜ ሃሪን ታሪክ ነው። ሃሪን በ1955 ከኢኳዶር ወደ አሜሪካ ሲመጣ የ19 ዓመት ወጣት ነበር፤ ያደገው በእግር ኳስ አገር በመሆኑ ቤዝቦል ምን እንደሆነ አያውቅም ነበር። ዶጀርስ በ1958 ሎስ አንጀለስ ገብቶ የሚሠራበት የስፓኒሽ ጣቢያ ጨዋታዎቹን ማስተላለፍ ሲጀምር ሥራው ቢቀርብለትም ገና አልበሰልኩም ብሎ አንድ ዓመት እንዲሰጡት ለመነ፤ በ1959 ጀመረ፣ በ2022 ጡረታ ወጣ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ቡድኑ ከከተማ ውጭ ሲጫወት ጣቢያው ሰው ስለማይልክ፣ ሃሪን ስቱዲዮ ተቀምጦ የስከሊን እንግሊዝኛ በጆሮው እየሰማ ወዲያው በስፓኒሽ ያስተላልፍ ነበር። ከዚህ የበለጠ ትምህርት ቤት ከየት ይገኛል? እናንተም የቴሌቪዥኑን ድምፅ ዘግታችሁ አንድ ሙሉ ጨዋታ በእንግሊዝኛ፣ ከዚያም በአማርኛ ቅዱ። በአማርኛ ስትሞክሩት የምትቸገሩበት ቦታ ጨዋታውን በደንብ ያልተረዳችሁበት ቦታ ነው።

ስለ እንጀራው ደግሞ እውነቱን ልንገራችሁ። በዋናው ሊግ ያሉት ቡድኖች 30 ብቻ ናቸው፤ ወንበሩን የያዘ ሰው እንደ ስከሊና እንደ ሃሪን ሊያረጅበት ይችላል። ስለዚህ አብዛኛው ጀማሪ የሚገባው በአነስተኛ ሊጎች ነው፤ እዚያ ከተጫዋቾቹ ጋር በአውቶቡስ ሌሊቱን መጓዝ፣ ለጋዜጠኞች መግለጫ መጻፍ፣ አንዳንድ ጊዜም ማስታወቂያ መሸጥ ከማስተላለፉ ጋር አብሮ ይመጣል፤ ደመወዙም ያንሳል። ወላጆቻችሁ ሌላ ሙያ ይኑርህ፣ ሌላ ሙያ ይኑርሽ ቢሏችሁ አትቆጧቸው፤ ልክ ናቸው። የተጫዋቹን ስም ከራሱ አፍ ጠይቃችሁ ተለማመዱ፤ የእኛ ስም በትምህርት ቤት ሲጣመም የሰማችሁ ልጆች ለዚህ ምክንያት እንድነግራችሁ አትሹም።

ከ2023 ወዲህ ወርዋሪው ቤዝ ላይ ሰው በሌለ ጊዜ በ15 ሰከንድ ውስጥ እንዲወረውር ስለተደነገገ ጨዋታው አጥሯል፤ ስከሊ ዘና ብሎ የሚተርከው ዓይነት ረጅም ወግ ዛሬ ተቆራርጦ ካልሆነ አይገባም። ስለዚህ አንድን ወግ በሦስት በአራት ውርወራ መካከል እየከፋፈላችሁ፣ ኳሷ ስትመታ አቋርጣችሁ፣ ኋላ ካቆማችሁበት መቀጠልን ተለማመዱ። ለቀጣሪ ናሙና ስትልኩም የሚያስጮኸውን ትልቅ ምት ብቻ ቆርጣችሁ አትላኩ፤ ምንም ነጥብ ያልተቆጠረበትን አንድ ሙሉ ኢኒንግ ጨምሩበት፤ እኔ ቀጣሪ ብሆን አስቀድሜ የምሰማው እሱን ነው።