የተገደቡ የሊኑክስ ፓኬጆች፦ ጥያቄና መልስ ከደሴ

ጥያቄ (ከፒያሳ)፦ ኡቡንቱ ላይ ቪዲዮ አልከፍት ሲለኝ «ሪስትሪክትድ ኤክስትራስ ጫን» አሉኝ (ኮዴክና የማይክሮሶፍት ፎንቶችን አንድ ላይ የሚጭነውን ፓኬጅ)። ሕገወጥ ነው እንዴ?

መልስ፦ አይደለም። ግን ለምን እንደተገደበ እወቅ፤ ምክንያቱ አንድ አይደለም። የማይክሮሶፍት ፎንቶች ፈቃድ ዋናው ፋይል ሳይነካ እንዲታደል ብቻ ነው የሚፈቅደው። ስለዚህ ፓኬጁ ውስጥ ፎንት የለም፤ ሲጫን ከኢንተርኔት ያወርደዋል። መሃል ላይ ኔትወርክ ከሄደ ፓኬጁ አለ፣ ፎንቱ የለም። ኮዴክ (ቪዲዮና ድምፅ የሚከፍተው ፕሮግራም) ደግሞ የፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) ጉዳይ ነው። ፓተንት በየአገሩ ይለያያል፣ ጊዜውም ያልቃል። የኤምፒስሪ በ2017 እ.ኤ.አ. አብቅቷል። የዲቪዲው ሌላ ነው፦ የዲስኩን መቆለፊያ መፍታትን የአሜሪካ የ1998 እ.ኤ.አ. ሕግ ይከለክላል። ዴቢያን (ኡቡንቱ የተመሠረተበት ሊኑክስ) የመፍቻውን ምንጭ ኮድ አውርዶ እናንተው ማሽን ላይ የሚገነባ ፓኬጅ ብቻ ይሰጣል። መጠቀም ሌላ፣ ማደል ሌላ!

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ)፦ ዴቢያንን ከ11 ወደ 12 አሳደግኩ፤ የዋይፋይ ፈርምዌሬ (መሣሪያው ራሱ የሚሠራበት ፕሮግራም) አይታደስም።

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ። በ2022 እ.ኤ.አ. የዴቢያን አባላት ድምፅ ሰጥተው ፈርምዌር በመጫኛው ውስጥ እንዲገባ ወሰኑ። ከ12 ጀምሮ «ነን-ፍሪ-ፈርምዌር» የሚባል የራሱ ክፍል አለው። አዲስ የሚጭን ሰው ችግር የለበትም። አንተ ግን አሮጌው የሶርስ ዝርዝርህ (ፓኬጅ ከየት እንደሚመጣ የሚናገረው ፋይል) ላይ «ነን-ፍሪ» (ነፃ ፈቃድ የሌላቸው ፓኬጆች ክፍል) ብቻ ነው ያለው። አዲሱን ስም ከጎኑ ጨምርና አፕዴት አድርግ።

ጥያቄ፦ የኤንቪዲያ ግራፊክስ ካርድ ድራይቨርስ?

መልስ፦ ከዲስትሮው (ከምትጠቀምበት የሊኑክስ ዓይነት) ማከማቻ ጫን። ከድረ ገጽ አታውርድ።

ጥያቄ፦ ኮምፒውተሬ አልሰራ አለኝ።

መልስ፦ ምኑ? የትኛው ስሪት? የስህተቱን ጽሑፍ ሳታመጣ ምን ልበልህ?

ጥገና ቤት ያለው አባል፦ እዚህ አገር ማን ይጠይቃል? እኔ እነዚህን ፓኬጆች ሁሉ ፍላሽ ላይ ይዤ ለደንበኛ እጭናለሁ።

ሌላ አባል፦ የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ዓ.ም. የኮምፒውተር ፕሮግራምንም ይጠብቃል እኮ።

ጥገና ቤት ያለው፦ ቪዲዮ ካልከፈተ ደንበኛው አይከፍለኝም!

መልስ፦ ከርዕስ ወጣችሁ። ደንበኛው ቪዲዮ ማየቱን ማንም አልከለከለም። ፓኬጁን ከማከማቻው እሱ ማሽን ላይ ጫን። ሐምራዊው ስክሪን ላይ ፈቃዱ ሲመጣ አሳየው፤ ከዚያ ታብ ነክቶ ኦኬ ይበል። ፍላሽህን አታድል። መጠቀም ሌላ፣ ማደል ሌላ አልኩ!

ጥያቄ፦ የፎንቱን ፈቃድ ሳላውቅ እምቢ ብዬዋለሁ። አሁን አይጠይቀኝም።

መልስ፦ መልስህን ይዞታል። የፎንቱን ፓኬጅ በፐርጅ (ከነቅንብሩ በሚያጠፋው ትእዛዝ) አጥፋውና እንደገና ጫነው፤ ይጠይቅሃል።

ጥያቄ፦ ሪስትሪክትድ ኤክስትራስ ሕገወጥ ነው?

መልስ፦ ከላይ አንብብ።