«ማርሻል» ፖሊስ ነው ወይስ ጄኔራል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህር። ፊልም ላይ አንዱ ማርሻል እስረኛ ያጅባል። አንዱ አውሮፕላን ውስጥ ይቀመጣል። ሌላው የተቃጠለ ቤት ይመረምራል። እኛ ዘንድ ደግሞ ፊልድ ማርሻል አለ። በአማርኛ አንድ ቃል አይገኝለትም? (አንባቢ፣ ከአዘዞ)

መልስ፦ አይገኝለትም፤ ባንፈልግለትም ይሻላል። የሚተረጎመው ሥራው እንጂ ስሙ አይደለም።

ቃሉ የወጣው ከፈረስ ጋጣ ነው። በጥንቱ ጀርመንኛ «የፈረስ አገልጋይ» ማለት ነበር። የንጉሥ ፈረስ የሚይዝ ሰው ውሎ አድሮ ሹም መሆኑ አይቀርም። ለጎንደር ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ የነገሥታቱ ባልደራስም ሹመቱን ያገኘው በፈረስ ነው። በአውሮፓ ጦር ቃሉ ከፍተኛ ማዕረግ ሆነ። የእኛም ፊልድ ማርሻል የመጣው በዚያ በኩል ነው።

አሜሪካ ግን ሕግ አስከባሪ አደረገችው። የፌዴራል ማርሻሎች ከ1789 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አሉ። ችሎት ይጠብቃሉ፣ እስረኛ ያመላልሳሉ፣ ያመለጠ ተፈላጊ አሳደው ይይዛሉ፣ ለሕይወቱ የሚሰጋ ምስክርም ይደብቃሉ። ጎንደር ችሎት ቢገቡ ታራሚውን ይዞ የሚመጣው የማረሚያ ቤት ፖሊስ ነው፤ እዚያ ሥራው የማርሻሉ ነው። ስለዚህ «ችሎት አስከባሪ» ብንለው ግማሹ ሥራ ይቀርበታል። እኔ «የፌዴራል ማርሻል» ብዬ እተወዋለሁ።

ሌሎቹ ስም ተጋሩ እንጂ መሥሪያ ቤታቸው ሌላ ነው። ተሳፋሪ መስሎ የሚበረው «የበረራ ጸጥታ ጠባቂ» ቢባል ያስኬዳል። የእሳቱ ማርሻል ከቃጠሎ በኋላ መንስኤውን ያጣራል፤ ሳይቃጠልም የሕንፃውን የአደጋ ጊዜ መውጫ ያያል። «የእሳት አደጋ መርማሪ» ሁለቱንም ይሸከማል። ሰልፍና ሩጫ ላይ የሚቆመው ማርሻል ደግሞ ያለ ክርክር «አስተናባሪ» ነው። ጥምቀት ላይ ሕዝቡን መስመር የሚያስይዙት ልጆች ስማቸው ይኸው አይደል!

አንድ ነገር ልጨምር። «ማርሻል አርት»፣ «ማርሻል ሎው» እና «ኮርት ማርሻል» (ወታደራዊ ፍርድ ቤት) ላይ ያለው ማርሻል ጭራሽ ሌላ ቃል ነው። ማርስ ከተባለው የሮማውያን የጦርነት አምላክ የመጣ ሲሆን «ወታደራዊ» ማለት ነው። በእኛ ፊደል ሲጻፉ ስለሚመሳሰሉ ተርጓሚ ይሳሳታል። «ወታደሩ በፍርድ ቤቱ ማርሻል ተቀጣ» ሲባል ሰምቻለሁ። ዳኛው የት ሄዶ?